ዓሣው ከመታመሙ በፊት ውሃው ይታመማል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ። ዓሣ የሌላችሁም "ይሄ እኔን አይመለከተኝም" ብላችሁ እንዳታልፉት፤ መሐል ላይ የምነግራችሁ የአንዲት ትንሽ ልጅ ጉዳይ ሁላችንንም የሚነካ ይመስለኛል።

ባዮሎጂ ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ ስልኬ የዓሣ ክሊኒክ ሆኗል። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ፎቶ ይደርሰኛል። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ መስታወቱ ላይ የላኪው ፊት ጎልቶ ይታያል፣ ዓሣዋ ከጀርባ እንደ ጥላ ናት። ከሥሩ የሚጻፈው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ "ቲቸር፣ ምን መድኃኒት ልስጣት?"

እኔም ሁሌ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ "ውሃውን መጨረሻ የቀየርከው መቼ ነው?" አንዳንዱ ይበሳጫል። "ቲቸር፣ እኔ ስለ ዓሣዋ ነው የጠየቅኩዎት!" ይለኛል። እኔም ስለ ዓሣዋ ነው የጠየቅኩት። ሰው ሲታመም የሚተነፍሰውን አየር ከሚጸዳዳበት ቦታ ይለያል። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው፣ የሚበላበትና የሚጸዳዳበት ያው አንድ ውሃ ነው። ከእሱ ወጥቶ የሚሄድበት የለውም።

መጀመሪያ ስለ ማወቅ ላውራ፤ ማከም ከዚያ በኋላ ነው።

ዓሣ በሽታውን ይደብቃል። ወንዝ ውስጥ ደክሞ መታየት መበላት ነውና። ጋፒ አገሯ ትሪኒዳድና ቬኔዝዌላ ነው፤ ኒዮን ቴትራ የመጣችው ከአማዞን ነው፤ ጎልድፊሽ ከቻይና ነው። አገራቸው ይለያይ እንጂ በዚህ ጠባይ አንድ ናቸው፤ አቅም እስኪያልቅ ድረስ ደህና መስሎ መዋኘት። "ትናንት ደህና ነበረ፣ ዛሬ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት" ስትሉኝ ውሸታችሁን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ትናንትም ደህና አልነበረም። ደህና መስሎ ነበር።

ስለዚህ ጤነኛውን ያላወቀ በሽተኛውን አይለይም። ምግብ ስትሰጡ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። ለምግብ ቀድሞ የሚመጣው የትኛው ነው? የትኛው ዛሬ ወደኋላ ቀረ? ክንፉን ዘርግቶ ነው የሚዋኘው ወይስ ወደ ሰውነቱ ሰብስቦ አጣብቆታል? በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ጎኑን ያሻሻል? ጥግ ይዞ ቆሟል? ሆዱ ተነፍቷል ወይስ ጎድጉዷል? ስንጥቡ፣ ማለትም መተንፈሻው፣ ከሌሎቹ በፈጠነ ሁኔታ ይከፈትና ይዘጋል? ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር ይሻማል? ነጠብጣብ ወይም ቁስል ከመታየቱ በፊት ብዙ ጊዜ እነዚህ ይቀድማሉ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ፦ ሁሉም ዓሣዎች በአንድ ጊዜ ከተረበሹ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። አንዱ፣ ከቀናት በኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሦስተኛው እያለ ከሄደ ተላላፊ በሽታ ጠርጥሩ። ሁለቱ ተደርበው የሚመጡበት ጊዜም አለ። አሁን የማወራችሁ እንደዚያ ያለውን ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከስምንት ዓመት ልጁ ጋር ይኖራል። ባለቤቱ ለሥራ ኩዌት ከሄደች ዓመት አልፏታል። ከመሄዷ በፊት ለልጇ አንዲት 40 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም ገዝታላት ነበር፤ ውስጧ ጋፒዎች አሉ።

"ቲቸር፣ ዓሣዎቹ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ወጣባቸው። ሁለቱ ሞተዋል። አምስት ቀርተዋል። ቴትራሳይክሊን ከፋርማሲ ገዝቻለሁ፤ ካፕሱሉን ፈትቼ ልጨምርበት?"

"ቆይ ልጄ፣ ምንም አትጨምር። ምግብም አትስጥ። እመጣለሁ" አልኩት።

ከራሴ አኳሪየም የማጣሪያውን ስፖንጅ ግማሹን ቆርጬ፣ በራሱ ውሃ ፌስታል ውስጥ አድርጌ ታክሲ ተሳፈርኩ። ቡናማ፣ ዝቃጭ የያዘ ስፖንጅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዩትና "ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ። "መድኃኒት ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ስደርስ አባትየውን ስለ ዓሣዎቹ አልጠየቅኩትም። ያለፉት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ነው የጠየቅኩት። አዲስ ዓሣ ገብቷል? አዎ፣ ከአሥር ቀን በፊት ሁለት። ለብቻ ቆይተው ነበር? አይ፣ እንደመጡ ነው የገቡት። መብራት ጠፍቶ ነበር? አዎ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ። ከዚያስ? ነጩን ነገር ሲያይ ቆሻሻ መስሎት ሁሉንም አወጣ፤ ድንጋዩን አጠበ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ ድረስ ጨመቀ፣ ውሃውንም በሙሉ ቀየረ።

"ንጹሕ ይሁንላቸው ብዬ እኮ ነው ቲቸር።"

አውቃለሁ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ የሚያደርገውም ስለሚሳሳላቸው ነው። ግን እዚያ ስፖንጅ ውስጥ ምን እንደሚኖር የነገረው የለም።

ዓሣ በመተንፈሻውና በሽንቱ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ እሱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ብዙ እስካልተጠራቀመ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ በየሳምንቱ ውሃ ስንቀይር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ አኳሪየም ውስጥ ተደላድለው ለመብዛት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ የተጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ ጥሩውን ከመጥፎው አይመርጥም። ስፖንጁ በነጣ ጊዜ የአኳሪየሙ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ነው።

የመመርመሪያ ጠብታዬን አውጥቼ ውሃውን ለካሁ። ቢጫ መሆን የነበረበት ቀለም አረንጓዴ ሆነ። አሞኒያ አለ። ዓሣዎቹ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ ደግሞ ጨው የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስለው። ይሄ የታወቀ በሽታ ነው፤ በዓለም ላይ ዓሣ አርቢ ሁሉ "ኢክ" ይለዋል። አምጪው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በአዲሶቹ ዓሣዎች መጣ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በረደ፤ ቅዝቃዜው የዓሣዎቹን አቅም አዳከመ፤ ተሕዋሱ በረታ። ማጠቡ ደግሞ በላዩ መርዝ ጨመረበት።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ስናወራ በሩ ጋ ቆማለች። ሳትጠጋ "አባባ፣ እኔ ምግብ አብዝቼ ነው አይደል የሞቱት?" አለችኝ።

"አይደለም የኔ ልጅ" አልኳት፤ አብራርቼም ነገርኳት። በኋላ አባቷ እንዳጫወተኝ ግን ልጅቷ ሌላም ጭንቀት ነበረባት። እናቷ ማታ ማታ በኢሞ ስትደውል መጀመሪያ "ዓሣዎችሽን አሳዪኝ" ነው የምትለው። ልጅቷ ሁለቱ ከሞቱ ጀምሮ ስልኩን በጎን አድርጋ ነበር የምታሳያት፤ ቁጥራቸው እንዳይታወቅ። "ማሚ ደህና ናቸው፤ ተኝተዋል" እያለች።

እንግዲህ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ፤ ቅደም ተከተሉ ነውና ዋናው ነገር።

መጀመሪያ ውሃው። ሮቶ ውስጥ ሁለት ቀን የቆየ ውሃ ነበራቸው፤ በባልዲ ቀድተን በደንብ አናፈስነው፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምረን ሙቀቱን አቀራረብነውና ከአኳሪየሙ ሲሶውን ቀየርን። ያመጣሁትን ስፖንጅ ማጣሪያው ውስጥ ከተትነው፤ ባክቴሪያው በሕይወት ነው፣ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ሙቀት ከመጨመራችን በፊት ይሄን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር አሞኒያ መርዝነቱ ይብሳል።

ሁለተኛ አየር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። በአንድ ዓይነት ሙቀት እኛ ጋ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። የሞቀ ውሃ ደግሞ የባሰውን ይቀንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሙሉ ቀን ሙሉ ሌሊት እንዲሠራ ተደረገ።

ሦስተኛ ሙቀት። ውሃው 21 ዲግሪ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ እያልን ወደ 28 አደረስነው። እዚህ ላይ ትምህርት ቤት እንደነበርን ልመለስ። ኢክ ሦስት ዕድሜ አለው። በዓሣው ቆዳ ሥር ተደብቆ ይመገባል፤ ያ ነው ነጭ ሆኖ የሚታየን። ከዚያ ወድቆ አኳሪየሙ ወለል ላይ ሽፋን ሠርቶ በመቶዎች ይከፋፈላል። ከዚያ ልጆቹ ወጥተው አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒትም ሆነ ጨው የሚደርስባቸው በዚህ በመጨረሻው ጊዜ ብቻ ነው። 25 ዲግሪ አካባቢ ዙሩ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ በቅዝቃዜ ግን ሳምንታት ይጎትታል። ሙቀቱ ዙሩን ያፈጥንልናል፤ ቶሎ እንዲወጡልን ነው።

አራተኛ ጨው። ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ጨው፣ በሊትር 2 ግራም። ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ቀንሰን ውሃው 36 ሊትር ነው ብንል 72 ግራም ይሆናል። በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ለሦስት ተከፍሎ፣ አስቀድሞ በአኳሪየሙ ውሃ ሟሙቶ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ነው የገባው። ጨው ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባም ይከላከላል። ጋፒ ጨው ትችላለች። ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ ያላችሁ ግን መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፤ የውሃ ተክልም በጨው ይጎዳል።

አምስተኛ፣ በየቀኑ ወለሉን በቱቦ እየሳቡ ሩብ ውሃ መቀየር፤ የተከፋፈለው ዘር ያለው እዚያ ነውና። 9 ሊትር ሲወጣ በምትኩ በሚገባው ውሃ 18 ግራም ጨው ይመለሳል። ቱቦውን በአፋችሁ እንዳትስቡ!

ልጅቷን ደብተር አምጪ አልኳት። የእያንዳንዱን ዓሣ ስም ጻፈች፤ ሎሚ፣ ቡርቱካን፣ ጥቁሯ፣ ጭራ ረጅም፣ ትንሿ። "በየቀኑ ጠዋት የነጠብጣቡን ቁጥር ጻፊ፤ በልቶ እንደሆነም ጻፊ" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ጨመረ፤ አባትየው ደንግጦ ደወለ። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ ቀድመው ቆዳ ሥር የገቡት ናቸው ያደጉት። ብዙ ሰው በዚህ ቀን ነው ተስፋ ቆርጦ መድኃኒት የሚቀላቅለው። በአምስተኛው ቀን ትንሿ ሞተች። በስምንተኛው ቀን ሎሚ ላይ ዜሮ ተጻፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን አራቱም ዜሮ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰባት ቀን ሕክምናውን ቀጠልን፤ ነጠብጣብ ጠፋ ማለት ተሕዋሱ ጠፋ ማለት አይደለምና።

በመሐል አንድ ማታ መብራት ጠፋ። አኳሪየሙን በጋቢ ጠቀለሉት፤ ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘግተው ውሃው ላይ አንሳፈፉ፤ አባትየው በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ እያፈሰሰ አየር ሲያስገባ አመሸ። ጄነሬተር የሌለው ሰው እንዲህ ነው የሚያድነው።

ቴትራሳይክሊኑስ? መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ኢክ ባክቴሪያ ስላልሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሚነካው ማጣሪያው ላይ ያሉትን ደጎቹን ነው። የተረፈው ውሃ ደግሞ ወደ ፍሳሽ ሲደፋ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያራባል፤ ያ ነገ እኛኑ ሰዎቹን የሚያስቸግረን ነው። ምን እንደሆነ ሳታውቁ መድኃኒት አትጨምሩ።

ነጭ ነገር ሁሉ ግን ኢክ አይደለም። በባትሪ በጎን ስታበሩበት እንደ ወርቅ ዱቄት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። አፉ ወይም ጀርባው ላይ ጥጥ የመሰለ ከሆነ ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያው በሙቀት ይብሳል፣ ስለዚህ ለእሱ ሙቀት አትጨምሩ። የክንፉ ጫፍ እየተበጣጠሰ የሚያልቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ መነሻው የቆሸሸ ውሃ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሊያድነው ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ ከተነሳ ግን የውስጥ አካሉ ተጎድቷል፤ የሚድነው ጥቂት ነው። እየከሳ አከርካሪው ከጎበጠ የዓሣ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው ባክቴሪያ በእጅ ቁስል ገብቶ ሰውም ቆዳ ላይ የማይድን የሚመስል እብጠት ያወጣል። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ፤ እንዲህ ያለ እብጠት ካወጣችሁም ለሐኪሙ አኳሪየም እንዳላችሁ ንገሩት።

የማይድነውን ሽንት ቤት ውስጥ በሕይወቱ አትጣሉት፤ ወደ ወንዝና ሐይቅም አትልቀቁት፣ በሽታውን ለሐይቁ ታወርሱታላችሁ። የቅርንፉድ ዘይት ዓሣን ያደነዝዛል። ጥቂት ጠብታ በትንሽ ሙቅ ውሃ መትታችሁ፣ ዓሣው ያለበት ዕቃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ እንቅልፍ ሲወስደው መጠኑን ጨምራችሁ መተንፈሱ ካቆመ በኋላም ብዙ ደቂቃ አቆዩት። እንዲህ ብታደርጉ ሳይሠቃይ ይሄዳል።

የልጅቷን ነገር ልጨርስላችሁ። አራቱ ዜሮ በሆኑ ማታ እናቷ ስትደውል ልጅቷ ስልኩን ፊት ለፊት አድርጋ ያዘች። "ማሚ፣ ሦስት ሞተዋል። አራት አድነናል" አለች። ደብተሩንም ገጽ በገጽ አሳየቻት። እናትየዋ ዝም ብላ ቆየችና "ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?" አለች።

"እንዳታዝኚ ብዬ።"

ከዚያ እናትየዋ፣ ባለፈው ወር አሥር ቀን ታምማ እንደነበርና እነሱ እንዳይጨነቁ ብላ መደበቋን ተናገረች። ተማሪዬ ይሄን ሲያጫውተኝ ድምፁ ተቆራረጠ። አሁን በቤታቸው ስምምነት አለ አለኝ፤ ማታ ሲደዋወሉ ልጅቷ ስለ ዓሣዎቹ እውነቱን ትናገራለች፣ እናትየዋም ስለ ራሷ።

በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ አኳሪየም ያላችሁ ይሄን አድርጉልኝ። ዓሣዎቻችሁን ቁጠሩ። ማን ቀድሞ እንደበላ እዩ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግዙ። በየሳምንቱ ከውሃው ከሩብ እስከ ሲሶ ቀይሩ እንጂ ሙሉውን አትቀይሩ። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በወጣ ውሃ ብቻ አለቅልቁት፤ ቡናማነቱን አትጥሉት። አዲስ ዓሣ ስትገዙ በሌላ ዕቃ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻ አቆዩት። የቧንቧ ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ውጭ አገር ያላችሁ ግን ይሄ ላይሠራላችሁ ይችላል፤ ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ እሱ በማቆየት ብቻ አይወጣም፤ ማርከሻ ጠብታ ያስፈልጋችኋል።

ፎቶ ለምትልኩልኝም አንድ ልመና አለኝ። ከፎቶው ጋር እነዚህን ጻፉልኝ፦ ስንት ሊትር ነው፣ ስንት ዓሣ አለ፣ ሙቀቱ ስንት ነው፣ ውሃው መቼ ተቀየረ፣ አዲስ የገባ አለ ወይ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ። መልሱን ስትጽፉት ግማሾቻችሁ ምክንያቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ለቀራችሁት ደግሞ እኔ አለሁ፤ ግማሽ ስፖንጅ የሚፈልግ ካለም ይምጣ፣ በነጻ ነው። ፌስታል ብቻ ይዛችሁ ኑ።